አርባ ስምንት ቤት

ሰሌዳዋን የሞላሁት እኔ ነኝ፤
በነሐሴ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ ማንም ሳያግዘኝ፣
ለያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ቦታ እየመራሁ፣
እንደ ቀበሌ ሹም፣ አርባ ስምንት ቤት ሠራሁ።
"ጭማቂ"፣ "ሽንት ቤት"፣ "በረደኝ"፣ "አመመኝ"፣
"እማዬ"፣ "ደከመኝ"፤
ወንበሯን ለማውረድ "ታች"፣ ለማንሣት "ላይ"፤
"ሌላ"፣ ሌላ ብርድ ልብስ፣ ሌላ ማንኪያ ሾርባ ብትሻ፤
ቁጥሮቹን ከግርጌ አሰፈርኳቸው በመጨረሻ፣
ቀን ለመቁጠር ያህል እንጂ ለሌላ ጉዳይ
አይደለም።
"ምክንያቱም" ለሚል ቃል ቤት አልሠራሁም፤
ማን "ለምን?" ሊላት ነው? አላሰብኩትም።

ኡሜዮ፣ ጥር።
ፀሐይ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣
ስምንት ተኩል ላይ፣ ሥራ እንዳለባት፣ ትሄዳለች።
ወንዙ እንደ አስፋልት ደርቋል፤
ከመስኮቱ ውጪ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤
ቀይ ክሩ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ ወርዷል።

ስምንተኛ ለ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ።
ሼስቲን ጠመኔዋን ይዛ፦
"ዘጠኝ የሚሆን ማነው፣ ከራሱ ጋር ሲባዛ?"
"ሦስት!" አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።
ጻፈችው። ገጹን ልትገልጥ፣ ልታልፍ...

"ሌላ።"

ድምፁ የቱቫ አይደለም፤ የማናውቃት ሴት ነው፣
በባቡር ጣቢያ መዘግየት የምታስታውቅ ዓይነት ሴት።
ቱቫ ዓይኗን ቃሉ ላይ ትተክላለች፣
ማሽኑ ዓይኗን ያጠናል፣
ቆይቶ፣ ሴትየዋ ትናገራለች።

"ሌላ።"
ሮጥኩ፤ ጭማቂ አመጣሁ።
ከንፈሯን ገጠመች።
"ሌላ።"
ብርድ ልብስ ደረብኩ።
"ታች።"
ወንበሯን አወረድኩ፤
ሞተሩ እያጓራ፣ አገጯ ከጠረጴዛው እኩል ሆነ።
"ታች።"
ከዚህ በታች ወለል ነው፤ የት ላድርሳት?
ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነው።
እሷም የሳቀች መሰለኝ፤ ወይም ተናዳለች፤
የቱቫ ሳቅና ንዴት በአንድ በር ነው የሚወጡት፣
እኔ ሦስት ዓመት ደጃፉ ቆሜ አልለየኋቸውም።

"ሦስት" አለች ሴትየዋ።

ዓይኗ ከሰሌዳው ወጣ።
ጠረጴዛውን ተሻገረ፣ ሼስቲንን አለፈ፣
መስኮቱ ላይ ዐረፈ።
አልቫር ነው ቀድሞ የገባው፣
ያ ሒሳብ ሲጠየቅ የጫማውን ክር የሚፈታው፦
"ቴርሞሜትሩን እዩ! ከዜሮ ታች!
ከዜሮ ታች ሦስት ነው ያለች!"

ሼስቲን ዝም አለች።
ከዚያ ነጌቲቭ ሦስትን በነጌቲቭ ሦስት አባዛች፤
ዘጠኝ።
ከመጀመሪያው መልስ ጎን ጻፈችው፣
በዚያው ቁመት፣ በዚያው ጠመኔ።
ጭማቂውን እንደያዝኩ ደርቄ የቀረሁት እኔ፤
ልጅቷ ከዜሮ በታች ባለው ደረጃ ስትወርድ፣
እኔ ወንበር ሳወርድ።

ያን ሌሊት እንደገና ቤት ሠራሁ።
"ከዜሮ በታች" ብዬ መሀሉን ሰጠሁ፤
"አይደለም"፤ "አልስማማም"፤
"ቆዩኝ፣ እያሰብኩ ነው"፤
"ምክንያቱም"፤ "ስለዚህ"።
ጭማቂን ወደ ጥግ ገፋሁት፣ አልተቀየመም።
ቤት ያልተሠራለት ሐሳብ
ደጅ ያድራል፤
በአሥራ ዘጠኝ ብርድ።

በማግስቱ ሼስቲን ሦስት ማዕዘን ሥላ ጠየቀች።
እጆች ተመዘዙ። እሷ መዳፏን ዘርግታ፣ ቆዩ፣ አለች።

"ስለዚህ" አለች የጣቢያዋ ሴት፣
እዚያው ቆመች።

አንድ ሰከንድ። አራት።
የማሞቂያው ቧንቧ ቀጭ ቀጭ ይላል።
ሰባት። አልቫር የጫማ ክሩን ይዞ ረስቶታል።
አሥራ አንድ።
የቱቫ ዓይን በሰሌዳው መንደር ቤት ለቤት ይሄዳል፣
አንዱን አንኳኩቶ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ማንም ጭማቂ አላመጣም።